ከሴል ላይ ተቆርጣ ብልቃጥ የገባችው ፕሮቲን፦ ስለ ሲዲ4 እና በላብ ስለሚሠሩ ተቀባዮች



ባለፈው ሴሚስተር የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛችን ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ከሦስት ወር በላይ የጠበቃት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ደረሰችለት። እኛ የምህንድስና ተማሪዎቹም ልናግዘው ብለን (እውነቱን ለመናገር ልናይ ብለን) ተከትለነው ላብ ገባን። ብልቃጧ ላይ «የሰው ሲዲ4፣ 50 ማይክሮግራም» የሚል ተለጥፎባታል። ክዳኑን ከፈትን፤ ውስጡ ባዶ ነው። ወደ ብርሃን አነሳናት፣ አገላበጥናት፣ ምንም የለም። «ባዶ ዕቃ ልከውልናል እንዴ?» ተባባልን። ብቻ በተባለው መሠረት ከታች ፈሳሽ ጨምረን ሥራውን ቀጠልን። በማግሥቱ ቀለም መታየት የነበረበት ፕሌት እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ጠበቀን።

ብልቃጧ ባዶ አልነበረችም። 50 ማይክሮግራም ማለት ክብደቱ ከአንድ የገበታ ጨው ቅንጣት ብዙም የማይለይ ነው። ደርቆ በብልቃጥ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በዓይን አይታይም፤ በመንገድ ሲንገላታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ይጣበቃል። ከመክፈት በፊት ብልቃጧን ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አስገብቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማሽከርከርና ዱቄቱን ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። እኛ ግን ክዳኑን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ ጣልነው፣ ከላያችን ቬንትሌተር ይሽከረከራል። የሦስት ወር ጥበቃ ከክዳን ጋር ተጠርጎ ሄደ።

ጓደኛችን ለሁለት ቀን አላናገረንም። እኛ በበኩላችን ያጠፋነው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው። በተለይ በዚህ ዓመት ፕሮጀክት የምትጀምሩ እህቶችና ወንድሞች እኛ የከፈልነውን ዋጋ እንዳትከፍሉ ብለን ነው።

ሲዲ4 የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ሳይንስ ክፍል ሳንገባ በፊት ሰምተነዋል። በየጤና ጣቢያው «ሲዲፎሩ ስንት ነው?» ሲባል ያላደመጠ ሰው ጥቂት ነው። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሚቆጠሩት ረዳት ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሲዲ4 ደግሞ በነዚህ ሴሎች ቆዳ ላይ ቆሞ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ሴሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሱ ነው። ሥራው መቀበል ነው። ሌላ ሴል የባዕድ ተሕዋስ ቁራጭ ይዞ ሲመጣ ቲ ሴሉ በዋናው ተቀባዩ ቁራጩን ይፈትሻል፤ ሲዲ4 ደግሞ ያንን ሴል ከጎን ያዝ አድርጎ «ትክክል ነው፣ ቀጥል» የሚለው መልእክት ወደ ውስጥ እንዲተላለፍ ይረዳል።

እንደ ኢንጂነር ስናየው ፕሮቲኑ ሦስት ክፍል አለው። ከሴሉ ውጭ እንደ ተያያዙ ዶቃዎች የተደረደሩ አራት እጥፋቶች አሉ፤ የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍ አጭር ክር አለ፤ ወደ ውስጥ የገባ ትንሽ ጭራ አለ። ውጭውን የሚነካው የመጀመሪያው ዶቃ ነው። ኤችአይቪም የሚይዘው እሱኑ ነው። የቫይረሱ ሽፋን ላይ ጂፒ120 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ከሲዲ4 የመጀመሪያ እጥፋት ላይ ብቅ ያለችው 43ኛዋ አሚኖ አሲድ (ፌኒልአላኒን ናት) ጂፒ120 ላይ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ትቀረቀራለች። ይህን የሁለቱን ትስስር በክሪስታል ምስል ያሳዩን ተመራማሪዎች ሥራቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ቫይረሱ በሲዲ4 በኩል እንደሚገባ ግን ከ1984 ጀምሮ ይታወቅ ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሪቻርድ አክሰል ላቦራቶሪ የሲዲ4ን ጂን ለይቶ አወጣ። (ይኸው አክሰል በ2004 ኖቤል የተሸለመው በሌላ ሥራ፣ በሽታ ተቀባዮች ነው። እዚህ «ሽታ» ያልነው የአፍንጫውን ነው፣ በሽታ ብላችሁ እንዳታነቡት።) ጂኑ ከተገኘ በኋላ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣ፦ ፕሮቲኑን ከሴሉ ላይ ቆርጠን በብዛት ብንሠራውስ? ቫይረሱ የሚፈልገው ሲዲ4ን ከሆነ፣ ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ሲዲ4 ብንለቅለት እሱን ይዞ ይቀራል፣ ሴሉን ይተወዋል።

ቆርጦ ማውጣት የሚለው ቃል መቀስ እንዳያስመስለው። የሚቆረጠው ጂኑ ነው። ሽፋኑን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ክርና የውስጥ ጭራውን የሚጽፈው የጂን ክፍል ይቀራል፤ አራቱን ዶቃዎች የሚጽፈው ብቻ ይወሰድና ፕላስሚድ በሚባል የዲኤንኤ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ ለሌላ ሴል ይሰጣል፤ ያ ሴል ትእዛዙን እያነበበ ፕሮቲኑን ይሠራል። መልህቁ ስለሌለ ፕሮቲኑ ሴሉ ላይ አይቆምም፣ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ሪኮምቢናንት የሚባለው ይህ ነው። ከሁለት ምንጭ የተገኘ ዲኤንኤ አንድ ላይ ተሰፍቶ የሠራው ፕሮቲን ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ሴል ይሥራው? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎን ነበር። ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ ርካሽ ናት፣ በአንድ ሌሊት ትበዛለች። እ.ኤ.አ. በ1982 ለሰው የተፈቀደው የመጀመሪያው ሪኮምቢናንት መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ የተሠራው በሷ ነው። ኢንሱሊን ግን ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሲዲ4 ትልቅ ነው፤ ከአራቱ ዶቃዎች ሦስቱ ውስጣቸው በሰልፈር ድልድይ የተሰፋ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ የስኳር ሰንሰለት ይንጠለጠልበታል። የባክቴሪያዋ ውስጥ ሰልፈሩ በቀላሉ የሚሰፋበት ቦታ አይደለም፤ የሰውን ዓይነት የስኳር ሰንሰለት ማንጠልጠልማ ጭራሽ አታውቅም። ውጤቱ ብዙ ጊዜ በትክክል ሳይታጠፍ የተከመረ ፕሮቲን ነው፤ ሊጡ ሳይቦካ እንደተጋገረ እንጀራ፣ ዓይን የሌለው። ክምሩን አሟሙቶ እንደገና ማጠፍ ይቻላል፣ ግን ብዙው ይባክናል።

ስለዚህ አብዛኛው የተቀባይ ፕሮቲን የሚሠራው በአጥቢ እንስሳት ሴሎች ነው። አንዱ ቻይኒዝ ሀምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ እንቁላል ዕጢ በ1957 የተወሰደው የሴል ዘር ነው፤ ሌላው ሄክ 293 የሚባለው፣ በ1973 ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሰው ፅንስ ኩላሊት ሴሎች የተገኘው ነው። ሁለቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየላቡ እየተባዙ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ጀማዓው ውስጥ የሚነሳውን ጥያቄ ማለፍ አልፈለግንም። ኢንሱሊን በባክቴሪያ መሠራት ከመጀመሩ በፊት ለስኳር ሕሙማን ይሰጥ የነበረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ተጨምቆ የወጣ ነበር፤ የአሳማው ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ለሙስሊም ሕሙማን ሪኮምቢናንቱ ትልቅ እፎይታ መሆኑ ግልጽ ነው። ሴል ተኮር ሥራ ላይ ግን አንዳንድ ነገር ይቀራል፦ ሴሎችን ከሳህን ለማላቀቅ የሚውለው ትሪፕሲን በተለምዶ ከአሳማ ቆሽት የሚወጣ ነው፣ ሴሎቹ የሚመገቡበት ፈሳሽ ውስጥም ብዙ ጊዜ የጥጃ ፅንስ ሴረም ይገባል። ሁለቱንም የሚተካ አለ፤ ሪኮምቢናንት ትሪፕሲንም ሴረም የሌለው ምግብም ይሸጣል። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፣ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሳንም። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ኮምጣጤ ስለሆነ ኸምር ያለውን መስአላ ያስታውሳል፤ አንድ ነገር ባሕርዩ ሲለወጥ ሑክሙም ይለወጣል ወይ በሚለው ላይ ሐነፊዮች በሩን ሰፋ እንደሚያደርጉ፣ ሻፊዒዮች ጠበብ እንደሚያደርጉም እንዲሁ። እኛ የምንለው ኡስታዝ ጋ ስትሄዱ «ይህ ሐላል ነው?» ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁ ነው። የትኛው ሴል ሠራው፣ ምን ተመግቦ፣ በምን ተላቀቀ፣ መጨረሻው ፕሮቲን ውስጥ ምን ቀረ፣ የሚበላ ነው ወይስ በጓንት የሚነካ፤ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ከብልቃጧ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ከእንስሳ የተገኘ ነገር እንደሌለበት የተጻፈበትም አለ። ዓሊሙ በደንብ የሚመልስላችሁ በደንብ ስትነግሩት ነው።

ወደ ሲዲ4 እንመለስ። በ1987 መጨረሻና በ1988 የተለያዩ ቡድኖች ተከታትለው ውጤት አወጡ፦ ከሴል የተቆረጠው ሲዲ4 በላብ ውስጥ ኤችአይቪን ይገታል። ጊዜውን አስቡት። ያኔ በበሽታው ላይ የተፈቀደ መድኃኒት ኤዜድቲ ብቻ ነበር፣ እሱም የተፈቀደው በዚያው በ1987 ነው። ሰው በየቀኑ ይሞታል። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ሐሳቡም የሚያምር ነው፣ ቫይረሱ ከሲዲ4 ለማምለጥ ቢለወጥ በራሱ መግቢያውን ያጣልና። ወዲያው በሕሙማን ላይ ተሞከረ።

አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ ማወቅ ለእኛ ከጠቅላላው ታሪክ ትልቁ ትምህርት ሆነብን። አንደኛው ምክንያት የፓምፕና የቱቦ ሰው ወዲያው የሚገባው ነው፦ ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል፣ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ግማሹ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው ይከፋል። በላብ የተፈተኑት ቫይረሶች ለብዙ ጊዜ በላብ ሴሎች ላይ ሲራቡ የኖሩ፣ ከቦታው የተላመዱ ነበሩ። በ1990 ተመራማሪዎች ከሕሙማን በቅርብ የተወሰደ ቫይረስ ሲፈትኑ እሱን ለመግታት ከላቡ ቫይረስ ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ ሲዲ4 እንደሚያስፈልግ አገኙ። ፕሮቲኑ አልዋሸም። የዋሸው የፈተናው አደራረግ ነው፤ የለመደ ፈረስ ጋልበው ያልተገራውንም እንጋልባለን እንዳሉ ሰዎች።

ሆኖም ሥራው ከንቱ አልቀረም። የመጀመሪያውን ችግር ለመፍታት በ1989 የሲዲ4ን ዶቃዎች ከአንቲቦዲ ጭራ ጋር የሰፉ ሰዎች ነበሩ፤ አንቲቦዲ ደም ውስጥ ብዙ ቀን ስለሚቆይ የተሰፋበትም አብሮ ይቆያል። ለኤችአይቪ መድኃኒት አልሆነም። ዘዴው ግን ቀረ። ቲኤንኤፍ የሚባለውን እብጠት ቀስቃሽ የሚቀበል ፕሮቲን በዚሁ መንገድ ተሰፍቶ ኢታነርሰፕት የሚባል የመገጣጠሚያ ሪህ መድኃኒት ሆነ፣ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሲቲኤልኤ4 የሚባለው የቲ ሴል ተቀባይም በ2005 አባታሰፕት ሆኖ ወጣ። ተንሳፋፊው ሲዲ4 ራሱ ደግሞ ወደ ላብ ተመልሶ መሣሪያ ሆነ። ዛሬ የክትባት ተመራማሪ አዲስ የሠራው ጂፒ120 በትክክል መታጠፉን ሲጠራጠር ሲዲ4 ያቀርብለታል፤ ከያዘው ቅርጹ ደኅና ነው። ሲይዘው ደግሞ ጂፒ120 ቅርጹን ይለውጥና ተሸፍኖ የነበረውን ቦታ ይገልጣል፤ ቫይረሱ በሁለተኛ ደረጃ ሲሲአር5ን የሚይዘው በዚያ በተገለጠው ቦታ ነው። ያንን ቦታ ማጥናት የሚፈልግ ሰው በላቡ ሲዲ4 ያስፈልገዋል።

አገራችንንም የሚነካ ነገር አለው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ቆጥሮ አማካይ የሲዲ4 ሴል ቁጥራቸው ከኔዘርላንድስ ሰዎች ያነሰ ሆኖ አገኘው። ቫይረሱ የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። ያኔ ሕክምና የሚጀመረው በቁጥር ወሰን ነበርና (የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን ትቶ ለሁሉም ይጀመር ያለው በ2015 ነው) በሌላ አገር ሰው የተለካ «መደበኛ» እዚህ ያለውን ሰው ሊያሳስት ይችል ነበር። ሌላም አለ። ሴሎቹን ለመቁጠር አንቲቦዲ ያስፈልጋል፤ ቀደም ብሎ ይሠራበት የነበረው ኦኬቲ4 የተባለው አንቲቦዲ በአንዳንድ ሰዎች ሴል ላይ ጭራሽ አይጣበቅም። ሲዲ4 አላቸው፣ ሥራውንም ይሠራል፤ አንቲቦዲው የሚያውቀው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተለውጧል። ይህ ለውጥ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይገኛል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለመለየት ከሚረዱት አንዱ የተለያየ የሲዲ4 ቅጂ በሪኮምቢናንት ሠርቶ አንቲቦዲውን በየአንዱ ላይ መፈተን ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ፕሌት። ፕሮጀክቱ የሚለው፦ አንዳንድ የአገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ጭማቂ ጂፒ120 ከሲዲ4 ጋር እንዳይገናኝ ይከለክላል ወይ? 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ላይ ጂፒ120 ይለጠፋል። ጭማቂውና ሲዲ4 ይጨመራል፣ ይታጠባል። የቀረውን ሲዲ4 የሚያውቅ፣ ቀለም የሚያመጣ ኢንዛይም የተሸከመ አንቲቦዲ ይከተላል። ሲዲ4 ከተያዘ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ ካልተያዘ ጥርት ይላል።

ሁለተኛዋ ብልቃጥ ስትታዘዝ አማካሪው ጠርቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «ሲዲ4ውን የምታውቁት በምንድን ነው?» በሂስ ምልክቱ አልነው። ሂስ ማለት ፕሮቲኑ ጫፍ ላይ በጂኑ በኩል የሚቀጠሉ ስድስት ሂስቲዲኖች ናቸው። ሂስቲዲን ኒኬል ይወዳል፤ ኒኬል በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሴሉን ሾርባ ስታሳልፉት ሌላው ሁሉ ይፈስሳል፣ ምልክት ያለው ይቀራል፣ በኋላ ኢሚዳዞል በሚባል ኬሚካል ይላቀቃል። ለማጥራት የገባው ምልክት ለመለየትም ያገለግላል። «ጂፒ120አችሁስ ምን ምልክት አለው?» አለን። ሄደን ወረቀቱን አየን። እሱም ሂስ። ሲዲ4 ኖረም አልኖረም አንቲቦዲው ፕሌቱ ላይ የተለጠፈውን ጂፒ120 ይይዝና ጉድጓዱ ሁሉ ሰማያዊ ይሆን ነበር። አልሃምዱሊላህ ከመታዘዙ በፊት ተያዘ፤ ሲዲ4ው የአንቲቦዲ ጭራ ያለው እንዲሆን ተደረገ። ይህኛውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጭራው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚሠራ አንዱ ሞለኪውል በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከእውነተኛው አጥብቆ የያዘ ይመስላል። መያዝ አለመያዙን ለማየት ይበቃል፣ ጥንካሬውን በቁጥር ለመጻፍ ግን አይሆንም።

ዱቄቱ ውስጥ ምን አብሮ እንደደረቀም እዩ። ትንሽ ፕሮቲን ብቻውን ሲሆን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚጠፋ አንዳንድ አምራች የከብት አልቡሚን ይጨምርበታል። ለፕሌት ሥራ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። የፕሮቲን መጠን በቀለም ልትለኩ ከሆነ ግን የምትለኩት አልቡሚኑን ነው። የአይጥ ሲዲ4 ደግሞ በርከስ ብሎ ቢገኝም እንዳትታለሉ፤ ኤችአይቪ የአይጥን ሲዲ4 አይዝም።

ሁለተኛዋን ብልቃጥ ጓደኛችን ራሱ ከፈታት፤ እኛ በር ላይ ቆምን። አሽከረከራት። 500 ማይክሮሊትር የጨው ውሃ ጨመረ፣ ሳይንጥ (መናጥ አረፋ ያወጣል፣ አረፋ ፕሮቲኑን ያበላሻል) ቀስ ብሎ እያዘነበለ አሟሟት። ከዚያ 50 ማይክሮሊትር እያደረገ በአስር ቱቦ ከፋፈላት፤ በአንዱ 5 ማይክሮግራም፣ ለጉድጓድ 100 ናኖግራም ከሆነ ለ50 ጉድጓድ ይበቃል። መከፋፈሉ ለቅንጦት አይደለም። ፕሮቲን ቀዝቅዞ በቀለጠ ቁጥር ከፊሉ ይበላሻል፤ ሁሉን በአንድ ቱቦ አስቀምጠን ለእያንዳንዱ ሙከራ ብናቀልጠው ኖሮ አምስተኛው ሙከራ የሚሠራው በሌላ ፕሮቲን ነበር ማለት ይቻላል። አስሩም በሁለት የተለያየ ፍሪዘር ተከፍለው ገቡ፣ መብራት ስለሚሄድ።

በዚህኛው ፕሌት ሰማያዊው መጣ። ጭማቂ ባልገባበት ጉድጓድ ደመቀ፣ ከሦስቱ ዕፅዋት በአንዱ ጠፋ። ዶርም ውስጥ ተክቢራ ተባለ። ጓደኛችን ግን አልተደሰተም። ያ ተክል ታኒን የበዛበት ነው። ታኒን ደግሞ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ አጣብቆ የሚያዘቅጥ ነገር ነው፤ ቆዳ የሚለፋው በሱ አይደል? (ፊቅህ የቀሩ ልጆች «ዲባግ!» ብለው ሳቁ።) ተክሉ ሲዲ4ን መርጦ ከልክሎ ይሁን ወይስ ያገኘውን ሁሉ እያለፋ ከፕሌቱ አይታወቅም። ለመለየት ታኒኑን ከጭማቂው አውጥቶ መድገም፣ በጎንም ከኤችአይቪ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሌሎች ጥንድ ፕሮቲኖችን ለያይቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ከአስሩ ቱቦ ስድስቱ ቀርተዋል። ታኒኑን የማውጣቱን ሥራ በዚህ ሳምንት ጀምሯል፤ ማክሰኞ ከዐስር በኋላ ፕሌት ለማጠብ ሰው ይፈልጋል። እኛን እንደገና ላብ ለማስገባት ተስማምቷል፣ ክዳን እንዳንነካ ብቻ አስምሎናል።